ያልተሻረ ትእዛዝ፦ ካይኔዞች የሴልን ዕድገት፣ ሕልውናና ጉዞ እንዴት ይመራሉ

ስለ ፕሮቲን ካይኔዝ፣ ማለትም በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ስለሚለጥፈው ኢንዛይም፣ ሲጻፍ ትኩረቱ ብዙ ጊዜ ኢንዛይሙ በሚያስጀምረው ነገር ላይ ነው። ሴል እንዲያድግ ያዛል፣ ከሞት ያተርፈዋል፣ ከቦታ ቦታ ያንቀሳቅሰዋል ይባላል። ትክክል ነው። እኔ ግን ጉዳዩን ከሌላኛው ጫፍ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ። ጤነኛ ካይኔዝ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው፤ የሚነሳው ሲታዘዝ፣ የሚያርፈውም ትእዛዙ ሲሻር ነው። ብዙዎቹ ከካይኔዝ ጋር የተያያዙ በሽታዎች የሚጀምሩት አንዴ የወጣ ትእዛዝ የሚሽረው ሲያጣ ነው። ይህን ለማስረዳት ከኤቢኤል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ኤቢኤል ፎስፌትን ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ብቻ ከሚለጥፉት ካይኔዞች አንዱ ነው። ጤነኛው ኤቢኤል ራሱን በራሱ ይቆልፋል። ከሁለቱ ዓይነቶቹ በአንዱ መነሻ ጫፍ ላይ ሚሪስቴት የተባለ 14 ካርቦን ያለው የቅባት አሲድ ተለጥፏል። ጫፉ ተጠምዝዞ ይመጣና ቅባቱ በኢንዛይሙ የታችኛው ክፍል ውስጥ ባለች ጎድጓዳ ቦታ ይሸጎጣል። እሱ ሲገባ ኤስኤች2 እና ኤስኤች3 የተባሉት ክፍሎች ከጀርባ ተጣብቀው ሥራ የሚሠራውን ክፍል አንቀው ይይዙታል። ይህ መቆለፊያ ካልተፈታ ኢንዛይሙ ፎስፌቱን የሚወስድበት ሞለኪውል፣ ኤቲፒ፣ ምንም ያህል በዙሪያው ቢኖር እምብዛም አይሠራም።

አሁን ያ ጫፍ ተቆርጦ ቢወድቅስ? ክሮሞሶም 9 እና ክሮሞሶም 22 ቁራጭ ሲለዋወጡ የሚሆነው ይኸው ነው። ያጠረውን ክሮሞሶም በ1960 ፊላዴልፊያ ውስጥ ያዩት ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ ናቸው፤ ቁራጩ ጠፍቶ ሳይሆን ከክሮሞሶም 9 ጋር ተለዋውጦ መሆኑን በ1973 ያሳየችው ደግሞ የቺካጎዋ ጃኔት ራውሊ ናት። በልውውጡ የኤቢኤል መነሻ ጫፍ ይወገድና ቢሲአር የተባለ የሌላ ፕሮቲን ክፍል ይተካበታል። ሁለት ጉዳት በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ሚሪስቴቱ ስለሌለ መቆለፊያው ይጠፋል፤ የቢሲአር ጫፍ ደግሞ ከመሰሎቹ ጋር የመጠማዘዝ ባሕርይ ስላለው ኢንዛይሞቹን ሰብስቦ ያገናኛቸዋል፣ እነሱም እርስ በርስ ፎስፌት እየተለጣጠፉ ይቀሰቃቀሳሉ። ቢሲአር ኤቢኤል የተባለው፣ ክብደቱ 210 ኪሎዳልተን (ዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የሆነው ይህ ድቅል ፕሮቲን ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለውን የደም ካንሰር ያስነሳል። ሴሉ የውጭ ፈቃድ ሳይጠብቅ ይባዛል፣ መሞት ሲገባው አይሞትም፣ ከአጥንት መቅኔ ሳይበስል ወደ ደም ይወጣል። ዕድገት፣ ሕልውናና ጉዞ፣ ሦስቱም በአንድ ኢንዛይም ምክንያት ከሥርዓት ይወጣሉ።

አንዲት ፎስፌት ምን ታደርጋለች?

ካይኔዝ ከኤቲፒ ሦስት ፎስፌቶች የመጨረሻዋን ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ ባለ ሴሪን፣ ትሪዮኒን ወይም ታይሮሲን ላይ ይለጥፋል። የምትጨመረው ክብደት 80 ዳልተን ገደማ ናት፤ 50,000 ዳልተን ለሚመዝን ፕሮቲን ከቁጥር አትገባም። ጉልበቷ ያለው በኤሌክትሪክ ሙሌቷ ላይ ነው። በሰውነታችን ፒኤች እያንዳንዷ ፎስፌት ሁለት ያህል አሉታዊ ሙሌት ይዛ ትመጣለች። አጠገቧ ያለ፣ አዎንታዊ ሙሌት የያዘ አርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ወደ እሷ ይሳባል፣ የተንጠለጠለ የፕሮቲን ክር ይታጠፋል፣ ወይም ሌላ ፕሮቲን ያቺን ቦታ ለይቶ ይይዛል። የሴሉ ትእዛዝ የሚተላለፈው በዚህ ነው።

ይህን በመጀመሪያ የገለጡት ኤድዊን ክሬብስና ኤድመንድ ፊሸር ናቸው፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲያትል ውስጥ የጡንቻ ፎስፎሪሌዝ ፎስፌት ሲለጠፍበት እንደሚነቃ አሳዩ፣ በ1992ም የኖቤል ሽልማት አገኙ። በ2002 በወጣው ቆጠራ የሰው ልጅ 518 የፕሮቲን ካይኔዝ ጂኖች አሉት፤ ከእነዚህ 90ዎቹ የታይሮሲን ካይኔዞች ናቸው። በሴል ውስጥ ከሚገኙት ፎስፌት የተለጠፈባቸው ቦታዎች ግን ታይሮሲን ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ብርቅ በመሆኑም ለረጅም ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። በ1979 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሳልክ ተቋም ቶኒ ሀንተር ያገኘው አሚኖ አሲዶቹን በኤሌክትሪክ ለመለየት ደጋግሞ በተጠቀመበት ባፈር (ፒኤችን የሚጠብቅ ፈሳሽ) ምክንያት ነው። ፒኤቹ 1.9 መሆን ሲገባው ወደ 1.7 ወርዶ ነበር። በ1.9 ላይ ፎስፎታይሮሲንና ፎስፎትሪዮኒን አብረው ስለሚሮጡ አይለዩም፤ በ1.7 ግን ተለያይተው ታዩ።

የካይኔዝ ቅርጽ በጥሬው ሁለት አንጓ ነው፤ ትንሹ ላይ፣ ትልቁ ታች፣ ኤቲፒ በመካከል። የመጀመሪያው ቅርጽ በ1991 በሳንዲያጎ ከሱዛን ቴይለር ቤተ ሙከራ ሲወጣ ይህ ግልጽ ሆነ። ኢንዛይሙ ይሥራ አይሥራ ለማወቅ ሦስት ነገር አያለሁ፦ በላይኛው አንጓ ያለው ላይሲን ከግሉታሜቱ ጋር ተያይዟል ወይ? ማግኒዝየሙን የሚይዘው አስፓርቴት ወደ ኤቲፒው ዞሯል ወይ? አክቲቬሽን ሉፕ የሚባለው ክር ተዘርግቶ መንገድ ከፍቷል ወይ? ከሦስቱ አንዱ ከቦታው ከወጣ ኢንዛይሙ ተኝቷል። የነቁት ካይኔዞች አንድ ዓይነት ኬሚስትሪ ስለሚሠሩ በጣም ይመሳሰላሉ፤ አተኛኛቸው ግን ይለያያል። ይህ ልዩነት ኋላ ለመድኃኒቱ ትልቅ ዋጋ አለው።

ፎስፌቷን የሚያነሱት ፎስፋቴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። በመማሪያ መጻሕፍት ከካይኔዝ ያነሰ ገጽ ይሰጣቸዋል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ትእዛዙ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚወስኑት በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

ዕድገት፦ ወሳኙ ቆይታው ነው

ኢጂኤፍ የተባለው የዕድገት ፕሮቲን ከውጭ ሲደርስ ተቀባዮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምራቸዋል። በሽፋኑ ውስጠኛ በኩል አንዱ ካይኔዝ ሌላውን ገፍቶ ይቀሰቅሰዋል፤ የተቀሰቀሰውም በጅራቱ ላይ ባሉ ታይሮሲኖች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ጂአርቢ2 የተባለው አገናኝ ፕሮቲን በኤስኤች2 ክፍሉ ያቺን ታይሮሲን ይይዝና ኤስኦኤስን ወደ ሽፋኑ ይጎትታል። ኤስኦኤስ «ራስ» የተባለውን ፕሮቲን ጂዲፒውን አስጥሎ ጂቲፒ ያስይዘዋል። ከዚያ የነቃው ራስ ራፍን፣ ራፍ ሜክን፣ ሜክ ኤርክን ይቀሰቅሳሉ፤ ሦስቱ የኋለኞቹ ካይኔዞች ናቸው። ሜክ ኤርክ ላይ ሁለት ፎስፌት ይለጥፋል፣ በትሪዮኒን 202 እና በታይሮሲን 204፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም። የነቃው ኤርክ ወደ ኒውክለስ ገብቶ የሳይክሊን ዲን መጠን ያስጨምራል፤ ሳይክሊን ዲ ሲዲኬ4 ወይም ሲዲኬ6 ከተባሉት ካይኔዞች ጋር ተጣምሮ አርቢ የተባለውን ጠባቂ ፕሮቲን ፎስፌት ያለብሰዋል፤ አርቢ የያዘውን ኢ2ኤፍ ይለቃል፣ የዲኤንኤ ቅጂም ይጀመራል።

ብዙ ተማሪ ይህን ሰንሰለት በቃሉ ይይዛል፣ ሰዓቱን ግን አይይዝም። ኢጂኤፍ በሰጠኸው ሴል ውስጥ የኤርክ ፎስፌት ብዙ ጊዜ በ5 ደቂቃ ገደማ ጫፍ ይደርሳል፤ በብዙ የሴል ዓይነቶች በ30 እና በ60 ደቂቃ መካከል ወርዶ ታገኘዋለህ። የሚያወርደው አንድ ነገር አይደለም። ኤርክ ራሱ ተመልሶ ኤስኦኤስንና ራፍን ፎስፌት እየለጠፈ ያዳክማቸዋል፤ ኤርክን የሚያጠፉ ፎስፋቴዞችን ጂን ያስነሳል፤ ተቀባዩም ወደ ሴሉ ውስጥ ተውጦ ይፈርሳል።

የዚህን ትርጉም በደንብ ያሳዩት ፒሲ12 የተባሉት የአይጥ ሴሎች ናቸው። ኢጂኤፍ ስትሰጣቸው ኤርክ ለአጭር ጊዜ ይነሳል፣ ሴሎቹም ይባዛሉ። ኤንጂኤፍ የተባለውን የነርቭ ዕድገት ፕሮቲን ስትሰጣቸው ያው ኤርክ ለሰዓታት ነቅቶ ይቆያል፣ ሴሎቹም መባዛት ትተው እንደ ነርቭ ክር ያወጣሉ። ኢንዛይሙ አንድ፣ የፎስፌቱ ቦታ አንድ፤ የተለየው ቆይታው ብቻ ነው።

ቢሲአር ኤቢኤል ይህን ሁሉ ሰዓት ያፈርሰዋል። በቢሲአር ክፍሉ ታይሮሲን 177 ላይ የተለጠፈችው ፎስፌት ጂአርቢ2ን ሁልጊዜ እንደያዘች ትቀመጣለች፤ ከውጭ የሚመጣ የዕድገት ፕሮቲን አያስፈልግም። ተውጦ የሚፈርስ ተቀባይ ስለሌለም ከማጥፊያዎቹ አንዱ ከሥራ ውጭ ሆኗል።

ይህን በቤተ ሙከራ ለማየት የሚፈልግ ሰው ስለሚበላሹት ነገሮች አስቀድሞ ቢያውቅ ጊዜውን ያተርፋል። በቂ ሴረም (ዕድገት ፕሮቲኖች ያሉበት የደም ፈሳሽ) ያለበት ሴል ኤርኩ አስቀድሞ የነቃ ስለሆነ ኢጂኤፍ ብትጨምር ለውጥ አታይም። ስለዚህ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ሴረሙን ወደ 0.1 ወይም 0.5 በመቶ አውርድ። ከዚያ በሚሊ ሊትር ከ50 እስከ 100 ናኖግራም ኢጂኤፍ ጨምረህ በ0፣ 2፣ 5፣ 15፣ 30 እና 60 ደቂቃ ሰብስብ። ሳህኑን ከኢንኩቤተር አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማቆየት፣ ሚዲየሙን በኃይል መቀየር፣ ሌላው ቀርቶ ቅዝቃዜው ራሱ አንዳንድ ካይኔዞችን ይቀሰቅሳል፤ የ0 ደቂቃው ናሙና እንደ ሌሎቹ ሁሉ ይነካካ፣ የሚጨመርለት ግን ባዶ ሚዲየም ይሁን።

ሴሉን ስትሰብር ካይኔዞችና ፎስፋቴዞች አብረው ይለቀቃሉ፤ ኤቲፒው ግን በፍጥነት ይሟጠጣል። የሚያሸንፉት ፎስፋቴዞች ናቸው፣ ፎስፌትህም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። በረዶ ላይ ሥራ፤ በመስበሪያው ባፈር ውስጥ 1 ሚሊሞላር ሶዲየም ኦርቶቫናዴት ለታይሮሲን ፎስፋቴዞች፣ 10 ሚሊሞላር ሶዲየም ፍሎራይድና 10 ሚሊሞላር ቤታ ግሊሴሮፎስፌት ለሴሪንና ለትሪዮኒን ፎስፋቴዞች ጨምር። ቫናዴቱ ፒኤች 10 ላይ ተስተካክሎ ቢጫው እስኪጠፋ መፍላት አለበት፤ ሳይፈላ የገባ ቫናዴት ተጠላልፎ ስለሚቀመጥ አቅሙ ደካማ ነው። ኢዲቲኤ ወይም ዲቲቲ ያለበት ባፈር ደግሞ ቫናዴቱን ራሱን ያዳክመዋል። ፕሮቲኖችን በክብደት ለይቶ በሚያሳየው ዌስተርን ብሎት ላይ ከ20 እስከ 30 ማይክሮግራም ፕሮቲን በቂ ነው፤ ኤርክ በ42 እና በ44 ኪሎዳልተን ሁለት መስመር ሆኖ ይታያል። ወረቀቱን በወተት ከመሸፈን በ5 በመቶ ቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ ፕሮቲን) መሸፈን ይመረጣል፤ የወተት ኬዚን ራሱ ብዙ ፎስፌት የያዘ ፕሮቲን በመሆኑ ጥላ ሊፈጥር ይችላል። በመጨረሻም የፎስፎ ኤርክን መስመር ብቻ አይቶ መደምደም አይገባም። ጠቅላላው ኤርክ ጎን ለጎን ካልተለካ፣ የደመቀው መስመር ብዙ ፎስፌት ይሁን ብዙ ፕሮቲን አይታወቅም።

ሕልውና፦ አለመሞት የሚታዘዝ ነገር ነው

የብዙ ሰው ግምት ሴል ካልተጎዳ ይኖራል የሚል ነው። በብዙዎቹ የሰውነታችን ሴሎች ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኑር የሚል መልእክት ካልደረሳቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። መልእክቱን ከሚያደርሱት ዋናው ኤኬቲ የተባለው ካይኔዝ ነው። ፒአይ3ኬ የተባለ ኢንዛይም በሽፋኑ ላይ ያለውን ፒአይፒ2 የተባለ ቅባት ፒአይፒ3 ያደርገዋል፣ ኤኬቲም ወደዚያ ተስቦ ይመጣል። ሌሎች ካይኔዞች፣ ፒዲኬ1 በትሪዮኒን 308፣ ኤምቶርሲ2 በሴሪን 473 ላይ ፎስፌት ይለጥፉበታል፤ ሙሉ ጉልበት የሚያገኘው በሁለቱም ነው። የነቃው ኤኬቲ ባድ የተባለውን ገዳይ ፕሮቲን ፎስፌት ያለብሰዋል፣ 14-3-3 የተባለ ፕሮቲንም ይዞ ያስቀምጠዋል። ፎክሶ የተባሉትን የጂን አስነሺዎች ከኒውክለስ ያስወጣቸዋል። ቲኤስሲ2ን በማዳከም ደግሞ ኤምቶርሲ1ን ያስነሳል፣ ሴሉም ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል። ፒአይፒ3ን መልሶ ፒአይፒ2 የሚያደርገው ፒቴን የተባለው ፎስፋቴዝ ነው፤ በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ፒቴን ጠፍቶ መገኘቱ ትእዛዙን ሻሪው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይመሰክራል።

በቢሲአር ኤቢኤል ሴሎች ውስጥ ከኤኬቲ በተጨማሪ ስታት5 የተባለው ፕሮቲን ፎስፌት እየለበሰ ቢሲኤል-ኤክስኤል የተባለውን የሞት ተከላካይ ያበዛል። ኬ562 የተባሉት ሴሎች ከዚህ በሽታ የተወሰዱ ስለሆኑ ለሙከራ ምቹ ናቸው። ቢሲአር ኤቢኤልን የሚዘጋውን መድኃኒት፣ ኢማቲኒብን፣ በ1 ማይክሮሞላር መጠን ስትሰጣቸው ቢሲአር ኤቢኤል ፎስፌት የሚለጥፍበት ክራክል የተባለው ፕሮቲን ፎስፌቱን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያጣል፤ ሴሎቹ በብዛት ሲሞቱ የሚታየው ግን ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በ6ኛው ሰዓት ሞት ለክቶ «መድኃኒቱ አይሠራም» ያለ ሰው የለካው ያለ ጊዜው ነው። ከሕመምተኛ ደም በቀጥታ የተወሰደ ሴል ሌላ ችግር አለው፦ የበሰሉት ነጭ የደም ሴሎች በፕሮቲን አፍራሽ ኢንዛይም የተሞሉ ስለሆኑ ሲሰበሩ ቢሲአር ኤቢኤልን ራሱን ይፈጩታል። የጠፋው መስመር መድኃኒቱ ያመጣው ሊመስል ይችላል። ክራክል ከዚህ ይተርፋልና ለመለኪያ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ጉዞ፦ መጣበቅም መላቀቅም

ሴል የሚጓዘው ፊቱን እየዘረጋ፣ በአዲስ ቦታ እየተጣበቀ፣ ጀርባውን እየሳበና እየተላቀቀ ነው። ካይኔዞች በአራቱም ላይ ይገኛሉ። ሴሉ ኢንቴግሪን በተባለው የሽፋኑ ፕሮቲን በኩል መሬቱን ሲጨብጥ ፋክ የተባለው ካይኔዝ ወደ መጨበጫው ተሰብስቦ በራሱ ታይሮሲን 397 ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ያቺ ፎስፌት ለሳርክ ካይኔዝ ማረፊያ ትሆናለች፤ ሳርክም ተመልሶ ፋክን በ576 እና በ577 ላይ ሙሉ ለሙሉ ያነቃዋል፣ ፓክሲሊን የተባለውን የመጨበጫ ፕሮቲንም ፎስፌት ያለብሰዋል። ሰው ሁሉ ፋክን የማጣበቂያ ኢንዛይም አድርጎ ያስባል። በ1995 የወጣ የአይጥ ጥናት ግን ፋክ የሌላቸው ሴሎች መጨበጫቸው እንደበዛና እርምጃቸው እንደዘገየ አሳየ። ፋክ ሲጠፋ ሴሉ ይጨብጣል እንጂ መልቀቅ ያቅተዋል ማለት ነው። ፎስፌቷ መጨበጫው በጊዜው ፈርሶ እንዲተካም ታገለግላለች።

ከኋላ ያለውን መሳብ የሚሠራው ማዮሲን ነው። በቀላል ሰንሰለቱ ሴሪን 19 ላይ ፎስፌት ሲለጠፍበት ይኮማተራል። ሮክ የተባለው ካይኔዝ ያንን ራሱ መለጠፍ ይችላል፤ በተጨማሪም ፎስፌቷን የሚያነሳውን ፎስፋቴዝ ያዳክማል፣ ማለትም ትእዛዝ ሰጥቶ ሻሪውን ያስራል። ከፊት በኩል ደግሞ ሊም ካይኔዝ ኮፊሊንን በሴሪን 3 ላይ ፎስፌት በመለጠፍ ያስተኛዋል፤ ኮፊሊን የአክቲን ክሮችን የሚቆራርጥ ፕሮቲን ነው። ሁልጊዜ ቢተኛ ክሩ አይታደስም፣ ሁልጊዜ ቢነቃ ክሩ አይቆምም። ሴሉ ወደፊት የሚሄደው ፎስፌቷ እየተለጠፈችና እየተነሳች ስትፈራረቅ ነው።

ጉዞን ለመለካት በብዛት የሚሠራው የጭረት ሙከራ ነው፦ ሳህኑን የሞሉ ሴሎችን በ200 ማይክሮ ሊትር ጫፍ መጫር፣ በ0፣ 6፣ 12 እና 24 ሰዓት ፎቶ ማንሳት። ቀላልነቱ ያታልላል። ጭረቱ የተዘጋው ሴሎቹ ስለተጓዙ ነው ወይስ ስለተባዙ? በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ በሚባዛ ሴል ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ዕድገትን የሚያዘገይ የካይኔዝ መድኃኒት ጭረቱን ሲያዘገይ «ጉዞ አስቆመ» ተብሎ የተጻፈባቸው ሥራዎች አሉ። ቢያንስ ሴረሙን ዝቅ ማድረግ ወይም በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም ማይቶማይሲን ሲ ለ2 ሰዓት ሰጥቶ አጥቦ መባዛትን ማስቆም፣ ከተቻለም በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት መጨረስ ያስፈልጋል።

ጉዞና ሕልውና የሚገናኙበትን ቦታ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። የቆዳ ወይም የአንጀት ሽፋን ሴል ከተጣበቀበት ሲላቀቅ ይሞታል፤ አኖይኪስ ይባላል። ከኢንቴግሪን በፋክ በኩል የሚመጣው የኑር መልእክት ስለሚቋረጥ ነው። ያለ ቦታው የሄደ ሴል ሥር እንዳይሰድ የሚጠብቀን ይህ ነው፤ ካንሰር የሚሰራጨው ይህን ሕግ ያመለጡ ሴሎች ሲኖሩ ነው። በክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ደግሞ ያልበሰሉት ሴሎች ከመቅኔው ድጋፍ ጋር ያላቸው መጨበጫ ይላላል፣ ሲኤክስሲአር4 የተባለው መቅኔ ውስጥ የሚያቆያቸው ተቀባይም በአግባቡ አይሠራም። በሕመምተኛው ደም ውስጥ መቅኔ ውስጥ መቆየት የነበረባቸው ሴሎች የሚታዩት፣ ጣፊያውም የሚያብጠው በዚህ የተነሳ ነው።

መድኃኒቱ በታካሚው ሰውነት ውስጥ

ካይኔዝን በመድኃኒት መዝጋት ለረጅም ጊዜ የማይሆን ይመስል ነበር፤ 518ቱም ኤቲፒ ይይዛሉና አንዱን ለይቶ መምታት እንዴት ይቻላል? በሴል ውስጥ ኤቲፒ ከ1 እስከ 5 ሚሊሞላር ነው። በቱቦ ውስጥ በ10 ማይክሮሞላር ኤቲፒ ተፈትኖ ጠንካራ የሆነ ሞለኪውል ሴል ውስጥ ገብቶ ከመቶ ጊዜ በላይ ከበዛ ተፎካካሪ ጋር ይታገላል፣ ብዙ ጊዜም ይሸነፋል። ኢማቲኒብ ያለፈው ኤቢኤልን ተኝቶ ሳለ፣ ማግኒዝየሙን የሚይዘው አስፓርቴት ወደ ውጭ በዞረበት ቅርጽ ስለሚይዘው ነው። ሳርክ ከኤቢኤል ጋር በጣም ቢመሳሰልም ኢማቲኒብ በደንብ አይይዘውም። አሜሪካዊው ሐኪም ብራያን ድሩከርና ባልደረቦቹ በሕሙማን ላይ ከሞከሩት በኋላ በግንቦት 2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ኢማቲኒብ ከጀመሩት 83 በመቶ ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። መድኃኒቱን ካላገኙ በሽታው በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ወደ አጣዳፊው ደረጃ ይሻገር ነበር።

የሚያመልጡትም ሴሎች አሉ። ትሪዮኒን 315 ወደ አይሶሉሲን ስትለወጥ ኢማቲኒብ የሚይዛት የሃይድሮጂን ትስስር ይጠፋል፣ ቦታውም ይጠባል። ለዚህ ፖናቲኒብ ተሠራ፤ በ2021 የተፈቀደው አሲሚኒብ ደግሞ ኤቲፒውን ትቶ ሚሪስቴት ይሸጎጥባት በነበረችው ጎድጓዳ ቦታ ይገባል። የጠፋውን መቆለፊያ የሚመልስ መድኃኒት ነው። ከዚህ የበለጠ ውበት ያለው የመድኃኒት አሠራር አላየሁም።

በአገራችን የዚህ በሽታ ሕሙማን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኢማቲኒብን በእርዳታ ፕሮግራም በነፃ ሲያገኙ ቆይተዋል። ስለዚህ ዝርዝሩ ለብዙ ቤተሰብ የሚጠቅም ነው። በክሮኒክ ደረጃ መደበኛው መጠን በቀን 400 ሚሊግራም ነው፤ ከምግብ ጋር፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይወሰዳል፤ በባዶ ሆድ ሆድን ያስቆጣል። ጾመኛ ሰው ከጾሙ በኋላ በሚበላው ዋና ምግብ ላይ ሰዓቱን አስተካክሎ በየቀኑ በዚያው ሰዓት መውሰድ ይችላል፣ ከሐኪሙ ጋር ከተነጋገረበት። መዝለል ግን አይቻልም። ለንደን በሚገኘው ሀመርስሚዝ ሆስፒታል በ2010 የወጣ ጥናት ከታዘዘላቸው 90 በመቶውን ወይም ከዚያ በታች የወሰዱ ሕሙማን ከፍተኛ የሕክምና ለውጥ የማግኘት ዕድላቸው 28 በመቶ ሲሆን ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት 94 በመቶ እንደነበር አሳይቷል። 90 በመቶ ማለት በወር ሦስት ቀን መዝለል ነው።

ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ኢማቲኒብን በጉበት ውስጥ ቶሎ እንዲፈርስ ያደርገዋል፤ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ቲቢ በበዛበት አገር ይህ ተራ ማስታወሻ አይደለም፤ የቲቢ ሕክምና የጀመረ የደም ካንሰር ታካሚ ሁለቱንም ሐኪሞች ማሳወቅ አለበት። ኢማቲኒብ ኪት የተባለውን ካይኔዝም ይዘጋል፣ የቆዳ ቀለም ሴሎች ደግሞ ኪት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ታካሚዎች ፊታቸውና እጃቸው ሊነጣ ይችላል። ለምጽ አይደለም፣ አይተላለፍም፣ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ለማቆምም ምክንያት አይሆንም። የዓይን ዙሪያ እብጠትና የጡንቻ ቁርጠትም የተለመዱ ናቸው። ለፅንስ አደገኛ ስለሆነ ልጅ የምታስብ ሴት ከመፀነሷ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ለውጡ የሚለካው በፒሲአር ነው፦ በ3ኛው ወር የቢሲአር ኤቢኤል መጠን 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ በ6ኛው 1 በመቶ፣ በ12ኛው 0.1 በመቶ መድረስ ይጠበቃል። ለቲቢ ምርመራ በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሚገኘው ጂንኤክስፐርት ማሽን ለዚህ ምርመራ የተሠራ ካርትሪጅም ይቀበላል፣ ውጤቱም ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ማሽኑ ካለ የሚጎድለው ካርትሪጁ ነው፣ ይህም ሊሟላ የሚችል ጉድለት ነው።

መድኃኒቱን ማቆም ይቻላል ወይ? የበሽታው ግንድ ሴሎች ቢሲአር ኤቢኤል ቢዘጋባቸውም በሌላ መንገድ ስለሚኖሩ ኢማቲኒብ ሁሉንም አይገድልም። በፈረንሳይ ቢያንስ 2 ዓመት በምርመራ ምንም ያልታየባቸው 100 ሕሙማን ሲያቆሙ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሳይመለስባቸው የቆዩት 40 ያህሉ ናቸው። የተመለሰባቸው አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ነው የተመለሰባቸው፣ መድኃኒቱን እንደገና ሲጀምሩም ሠርቶላቸዋል። ካቆሙ በኋላ ለግማሽ ዓመት በየወሩ ፒሲአር መሠራት አለበት፤ ይህን ማድረግ በማይቻልበት ቦታ ያለ ታካሚ በየቀኑ 400 ሚሊግራሙን ቢቀጥል ይሻለዋል።